ባለቤት የሌለው አንቀጽ

በደጎሎ በአንድ የገበያ ቀን፥ ከገጠር የመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን ገንዘብ ለመቀበል ከጧት ጀምሮ ተሰልፈው ቆዩ። ተራቸው ደርሶ ከመስኮቱ በቀረቡ ጊዜ ጸሐፊው፦ «እናቴ፥ ዛሬ ሲስተም የለም» አላቸው። እሳቸውም፦ «ልጄ፥ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ወዴት ሄዷል? መቼስ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁት። በዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ኋላ ግን ነገሩን ብናወጣው ብናወርደው፥ ከሁላችን ይልቅ በትክክል የጠየቁ እሳቸው እንደ ሆኑ ተረዳን።

በቅኔ ቤት ተማሪ አንድ ቃል ሲፈታ አስቀድሞ ማሠሪያ አንቀጹን ይፈልጋል፤ አንቀጹን ካገኘ በኋላም «ባለቤቱ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ በንግግሩ ውስጥ ተሰውሮ ቢገኝ፥ መምህሩ «ፈልገህ አምጣ» ይለዋል እንጂ «ባለቤት የለውም» ብሎ አያሳልፈውም። የተሠራ ሥራ ያለ ሠሪ፥ የተነገረ ቃልም ያለ ተናጋሪ ሊኖር አይችልምና። በዛሬ ዘመን ግን ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ የምንናገረውን ብንመረምረው፥ አብዛኛውን ባለቤቱ የጠፋበት ሆኖ እናገኘዋለን። «ኔትወርክ ጠፋ፤ ሲስተሙ አልተቀበለውም፤ ገንዘቡ በስሕተት ተላከ፤ ማሽኑ እንዲህ አለ» እንላለን። ማን አጠፋው? ማን አልቀበልም አለ? ማንስ ላከው? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ የንግግር ጉድለት ብቻ ቢሆን ለሰዋስው መምህራን በተውነው ነበር፤ ነገር ግን የፍርድና የምግባር ጉድለት ስለ ሆነ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ስለ አዲሱ ጥበብ በሕዝቡ መካከል ሁለት አሳብ ይሰማል። አንደኛው የሚፈራ አሳብ ነው። «ይህ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው፤ ራሱን ችሎ ይናገራል፤ ነገ ደግሞ ሰውን ይገዛል» ይላል። ሁለተኛው የሚያምን አሳብ ነው። «ማሽን አያዳላም፥ ጉቦ አይበላም፥ አይደክምም፥ አይሳሳትም፤ እርሱ ካለ አለ ነው» ይላል። እነዚህ ሁለቱ አሳቦች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን በአንድ ስሕተት ላይ የቆሙ ወንድማማቾች ናቸው። የሚፈራውም የሚያምነውም መሣሪያውን በባለቤት ስፍራ አስቀምጠውታልና። ከሁለቱም ሦስተኛ አሳብ ይወለዳል፤ ይኸውም «እኔ አይደለሁም፥ ማሽኑ ነው» የሚለው ነው። ከሁሉ የከፋው ይህ ሦስተኛው ነው። ፈሪውና አማኙ ቢሳሳቱ በየዋህነት ነው፤ ይህኛው ግን ለበደል መሸሸጊያ ይሆናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በገዛ አገራችን ሆኗል። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት፥ ለቅዳሜ አጥቢያ፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ታወከ። በዚህም ምክንያት ሰዎች በሒሳባቸው ካላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ወደ ሌላ መላክ ተቻላቸው። ወሬውም በስልክ ከአንዱ ወደ አንዱ ፈጥኖ ተዳረሰ፤ ይልቁንም በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በገንዘብ መክፈያው ማሽን ፊት ተማሪዎች በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩን ባወቀ ጊዜ አገልግሎቱን ለሰዓታት ዘጋ። ኋላም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ እንደ ተወሰደ፥ ምክንያቱም ከውጭ የመጣ የኮምፒውተር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ። ያ ሳምንት የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምና የሙስሊሙ ረመዳን በአንድ ቀን፥ በመጋቢት 2፥ የጀመሩበት ሳምንት ነበረ። የገዛ ገበታውን ለመተው የጨከነ ሰው ብዙ ነበረ፤ የሰውን ገንዘብ ለመተው ግን ብዙው ሳይጨክን ቀረ።

ገንዘቡን የወሰደ ሰው «ማሽኑ ሰጠኝ እንጂ አልሰረቅሁም» ቢል ምን እንመልስለታለን? ቃሉን እንፍታው። «ሰጠ» ለሚለው አንቀጽ ባለቤት የሚሆን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚሰጠው ነገር የራሱ መሆን፥ መስጠቱን ማወቅ፥ መስጠቱንም መፍቀድ። ማሽኑ የራሱ ገንዘብ የለውም፤ መስጠቱን አያውቅም፤ ፈቃድም የለውም። ስለዚህ ማሽኑ ለዚህ አንቀጽ ባለቤት ሊሆን አይችልም። «ወሰደ» ለሚለው አንቀጽ ግን ባለቤት አለው፤ እርሱም እጁን የዘረጋው ሰው ነው። የጃማ ገበሬ በሌሊት ሲያልፍ የጎረቤቱን ጎተራ ተከፍቶ ቢያገኘው፥ ስንዴውን ጭኖ «በሩ ሰጠኝ» አይልም፤ ቢልም ሽማግሌዎች አይሰሙትም። «ባንኩ ሀብታም ነው፥ ምን ይጎዳል?» የሚልም ይኖራል፤ ዳሩ ግን ባንክ የሚያኖረው የሕዝብ አደራ ነው፤ እንደ እኒያ እናት ያሉ ድኾች ያጠራቀሙት ጥቂት ብርም በውስጡ ይገኛል። ባንኩም በበኩሉ ጎተራውን ሳይዘጋ በማደሩ ጥፋት አለበት፤ ነገር ግን የባንኩ ጥፋት የወሳጁን ጥፋት አይሽረውም።

ባንኩ ገንዘቡን የሚመልስ ሰው እንደማይከሰስ አስታወቀ፤ ወሩም ሳያልቅ ከሦስት አራተኛው በላይ ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አውጥቶ ለጠፈ። በዚህ የሚታየው ምንድር ነው? የመለሰው ሰው «እኔ ወሰድሁ» ብሎ ራሱ በባለቤት ስፍራ ቆመ። ያልመለሰው ግን ከማሽኑ ኋላ ተሸሽጌ እቀራለሁ ሲል ስሙ በአደባባይ ተገኘ።

ይህ ሰው ከማሽን ኋላ ተሸሽጎ የወሰደበት ምሳሌ ነው። ከማሽን ኋላ ተሸሽጎ የከሰሰበትም አለ፤ እርሱም በብሪታንያ አገር የሆነው ነው። በዚያ አገር በየመንደሩ ትንንሽ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ። በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ኮምፒውተር ይገባላቸው ጀመር። ኮምፒውተሩም ያልጐደለውን ገንዘብ ጐደለ እያለ ያሳይ ነበረ። ሰዎቹ «አልነካንም» ብለው ቢጮኹ «ማሽን አይሳሳትም» ተባሉ። በዓመታት ውስጥ ከ900 የሚበልጡት በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ አሉ፥ ቤት ንብረታቸውን ያጡ አሉ፥ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የብሪታንያ ፓርላማ የብዙዎቹን ፍርድ በአንድ ሕግ የሻረው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከንግድ ባንኩ ነገር ሁለት ወር ያህል በኋላ መሆኑ ነው። ፍርዱ ቢሻርም ያለፈው ዕድሜ አይመለስም። ይህን ሁሉ ያደረገው ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ኮምፒውተሩን አምኖ ሰውን ያላመነው ከሳሽ ነው።

እንግዲህ ባለቤትን መፈለግ ለምን እንደሚያስፈልግ ከእነዚህ ከሁለቱ ይታወቃል። መሣሪያ አያፍርም፤ አይጸጸትም፤ ካሣ አይከፍልም። ማፈር፥ መጸጸትና መካስ የሚችለው ሰው ብቻ ስለ ሆነ፥ የሥራ ባለቤትነትም ለሰው ብቻ የሚሰጥ ነው። በደሉን ለማሽን የሰጠን እንደ ሆነ፥ ይቅርታ የሚጠይቅም ይቅር የሚባልም አይገኝም፤ የተበደለው ሰው ብቻውን ይቀራል።

ሌቦች ይህን የባለቤት መጥፋት ፈጥነው ተረድተውታል። ገንዘብ ከሣጥን ወደ ስልክ መዞር ከጀመረ ወዲህ፥ ይልቁንም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ ሌባ ግድግዳ መቈፈር አላስፈለገውም፤ የሌላውን ስም መልበስ ይበቃዋል። «ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው፤ አሁን በስልክዎ የደረሰውን ቍጥር ይንገሩን» ይላል። ያ ቍጥር የሣጥኑ ቁልፍ ነው፤ የሣጥኑ ባለቤት ደግሞ አንተ ስለ ሆንህ፥ ቍልፉን ስጠኝ የሚልህ ሁሉ ሌባ እንደ ሆነ ዕወቅ። ወይም ከገበያ በግ ገዝቶ በገዛ ስልኩ ላይ «ተልኳል» የሚል ጽሕፈት አሳይቶ ይሄዳል፤ ሻጩ ማየት የሚገባው ግን የገዢውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ ነው።

ከዚህም የባሰ መጥቷል። የሰውን ድምፅ ከጥቂት ቅጂ ተምሮ እንደ እርሱ የሚናገር መሣሪያ ተገኝቷል። ከወሎ የወጡ ብዙ ልጆች በዐረብ አገር ይኖራሉ፤ እናቶቻቸውም ለዓመታት በዐይን ሳያዩአቸው በድምፅ ብቻ ያውቋቸዋል። «እማዬ፥ ታስሬአለሁና ቶሎ ገንዘብ ላኪልኝ» የሚል ድምፅ በሌሊት ቢመጣ፥ የትኛይቱ እናት ትጠራጠራለች? ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ ድምፅ ብቻውን ምስክር አይሆንም። አባቶቻችን ለዚህ መድኀኒት ነበራቸው፤ የነገሥታት ደብዳቤ በራስጌው ማኅተም ይታተምበት ነበረ፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የንጉሥ ነው ቢሉት አይታመንም። ዛሬም በየቤቱ እንግዳ የማያውቀው አንድ የምልክት ቃል ይኑር፤ ድምፁን የሰማ ሰውም ስልኩን ዘግቶ በሚያውቀው ቍጥር መልሶ ይደውል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958 በኮምፒውተር የሚደረገውን ማታለል ይቀጣል፤ የሚቀጣውም ስልኩን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ላይ ነው። ይህ መሣሪያ ተቈጥሮ የማያልቅ ጽሑፍ ተመግቦ፥ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እያሰላ ይናገራል። ቻትጂፒቲ የሚባለው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተገለጠ ወዲህ፥ ተማሪው ፈተናውን፥ ሹሙ ደብዳቤውን፥ ሰባኪው ሳይቀር ስብከቱን ሊያጽፈው ይችላል። የአማርኛና የግእዝ ጽሑፍ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከእንግሊዝኛው ይልቅ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በእኛ ቋንቋ ይበልጥ ይስታል፤ ሲስትም እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተቃዋሚ እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «የሠሩት ሰዎች እንኳ መሣሪያው ነገ ምን እንደሚመልስ አስቀድመው አያውቁም፤ ያላወቁትን ቃል ባለቤቶች ናችሁ ማለት ግፍ አይሆንምን?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ጥያቄ ነው። በሬም የሚወጋው ጌታውን አስፈቅዶ አይደለም። የኦሪት ሕግ በዘጸአት ምዕራፍ 21 ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። በሬው ቀድሞ ወጊ ያልነበረ እንደ ሆነ ጌታው ንጹሕ ነው፤ ወጊ መሆኑን ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለበት እንደ ሆነ ግን ባለዕዳ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ውጋ ብለህ አዝዘሃልን?» ተብሎ ሳይሆን «ወጊ መሆኑን እያወቅህ ለቅቀኸዋልን?» ተብሎ ነው። የመሣሪያው ሠሪዎችም «ሊሳሳት ይችላል» ብለው ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ እንግዲህ አውቀዋል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያውን አንብቦ የተገለገለበትም አውቋል።

ኤር ካናዳ የተባለው የአየር መንገድ፥ ለመንገደኞች መልስ የሚሰጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያውም ዘመድ ለሞተበት አንድ መንገደኛ ስለ ቲኬት ዋጋ የተሳሳተ ቃል ነገረው። መንገደኛው በከሰሰ ጊዜ ኩባንያው፥ መሣሪያው ለተናገረው ቃል ራሱ ኀላፊ እንደ ሆነ አድርጎ ተከራከረ። ዳኛው ግን በየካቲት 2016 ዓ.ም. ይህን ክርክር ሳይቀበል፥ ኩባንያው መንገደኛውን እንዲክስ ፈረደ። እንደዚህ ባለው ነገር ባለቤቱ አንድ ሳይሆን ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የሠራው፥ የገዛው፥ ያሰማራው፥ የተገለገለበትም ይኖራል። ይህም አያስቸግርም። በሰዋስው ሕግ ባለቤቱ ሲበዛ አንቀጹም ይበዛል እንጂ አይጠፋም፤ በምግባርም እንዲሁ ነው።

ታዲያ በዚህ መሣሪያ መገልገል ክልክል ነው ማለታችን አይደለም። ብራናም፥ የማተሚያ መኪናም፥ ስልክም በየዘመናቸው አዲስ ነበሩ። ነገር ግን ብዙ የብራና መጻሕፍት የጸሐፊው ስምና ያጻፈው ሰው ስም ይገኝባቸዋል፤ ስሕተት ቢገኝ ተጠያቂው ይታወቃል። ቅኔ የዘረፈ ተማሪም በመምህሩ ፊት «ሰሙ ምንድር ነው? ወርቁስ ምንድር ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መመለስ ያቃተው እንደ ሆነ ያ ቅኔ የእርሱ አይደለም። በማሽን የሚያጽፍ ሰውም ይህን ሕግ ይያዝ፤ ተጠይቆ ሊመልስበት የማይችለውን ጽሑፍ በስሙ አያውጣ፤ ተጠይቆ ሊመልስበት የማይችለውንም ፍርድ በማሽን አይፍረድ።

በመስኮት ኋላ የተቀመጠውም አገልጋይ «ሲስተም የለም» ብሎ ዝም ከሚል፥ «መሥመሩ ተቋርጧል፤ የሚጠግነው እገሌ የሚባለው ክፍል ነው፤ አስታውቄአለሁ፤ በዚህ ሰዓት ይመለሱ» ቢል፥ ገንዘቡ በዚያ ቀን ባይገኝ እንኳ ሰው ከሰው ጋር ተነጋገረ ይባላል። እኒያ እናት ግን በዚያ ቀን ገንዘባቸውን ሳይቀበሉ በእግራቸው ወደ ገጠር ተመለሱ፤ ለጥያቄአቸውም ከመካከላችን መልስ የሰጣቸው አልነበረም።