በሕይወት ማጥመድ

በክረምት ብዙ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ሐይቅ ወደ ጉማራ ወንዝ ይወጣል። መረብ የሌለው ሰውም የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ዱቄቱን በውኃው ላይ ይበትናል። መርዙ የዓሣውን ትንፋሽ ይቈርጣል፤ ትልቁም ትንሹም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። አጥማጁ ትልቁን ይለቅማል፤ ገና ያላደገው ግን በከንቱ ይሞታል።

እኛስ ሰውን የምናጠምደው በምንድር ነው? በቍጣና በማስፈራራት ከሆነ፥ አንዱን ስናገኝ ስንቱን ታናሽ እንገድላለን! በሉቃስ ወንጌል 5፥10 ጌታ ለስምዖን የተናገረው ቃል በግሪኩ «በሕይወት መያዝ» ማለት ነው። እንግዲህ ብርብራውን ከእጃችን እንጣል፤ በፍቅርና በትዕግሥት እናጥምድ፤ ለሕያው ጌታም ሕያዋንን እናቅርብ። አሜን።