ሸሪክ ትርፍ ብቻ ይጠይቃልን?

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ሽያጩ በቴሌብር ስለነበረ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ሱቁን ሳይዘጋ የድርጅቱ ሸሪክ መሆን ይችል ነበር። ከ47 ሺህ በላይ ሰዎችም ገዙ። ለመሆኑ ሸሪክ የሆነ ሰው “ትርፉ መቼ ይከፈላል?” ከማለት ሌላ ምን ይጠይቃል?

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ለአፕል ባለአክሲዮኖች ጉባኤ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ኩባንያው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እንዴት እንደሚጠቀምና በምን የሥነ ምግባር መመሪያ እንደሚመራ በግልጽ ያሳውቅ የሚል ነው። ያቀረበው የአሜሪካ ሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት ነበር። ይተው አላለም፤ ይንገረን ነው ያለው። አመራሩ ዕቅዳችን ይገለጥብናል ብሎ ተቃወመ፤ ሐሳቡም ወደቀ። ሆኖም ከተሰጠው ድምፅ ከሲሶ በላይ ደግፎታል።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቴሌብር መላ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ መያዣ ያበድራል፤ ማን ስንት እንደሚፈቀድለት የሚለካው በአጠቃቀሙ ነው። ጉሊት ተቀምጣ የምትውለዋን ሴት “አይፈቀድልሽም” የሚላት ዐይኗን የማያይ ስሌት ነው። የብድር ሹም ቢሆን እንኳ ሽማግሌ ይላክበት ነበር! እርሷ ለምን ብላ የምትገባበት ደጅ የላትም። ሸሪኩ ግን ጉባኤ አለው። ከአገልግሎቱ ገቢ ድርሻውን እየወሰደ፣ ሰው እንዴት እንደተመዘነ አያገባኝም ሊል ነውን? በጉባኤው እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው ቢገኝ ጥያቄው አጭር ነው፦ ሴትዮዋን የከለከላት ምኗን ተመልክቶ ነው?