ገበናው የማን ነው?

ሰውን «ምን ቸገረህ?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው በሕዝብ ፊት ሲቀርብ፣ መልሱም መዝገብ ላይ ሲሰፍር ደግነቱ ብቻውን አይበቃም።

እስቲ ነገሩን ወደ ሰፈር እናምጣው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ታክሲ ከሚጠብቀው ሰው ውስጥ ስንቱ ነው የአልጋ ቁራኛ ቤት ትቶ የወጣው? አባቱን የሚያጥብ አለ፤ አእምሮው የታወከ ወንድሟን በር ዘግታበት የመጣች አለች። አስታማሚ ደመወዝ የለውም፤ ድካሙንም ሥራ ብሎ የሚቆጥርለት የለም። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች «ተሰብስባችሁ ችግራችሁን ንገሩን፣ እንድንረዳችሁ» ብንላቸው ምን ይከተላል?

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አስታማሚዋ የራሷን ችግር ስትናገር የሌላውን ገበና ታወጣለች። «እንቅልፍ አጣሁ» ስትል «በምን ምክንያት?» ትባላለች። ምክንያቱ ደግሞ የወንድሟ በሽታ ነው። እሷ እሺ ብላ ፈረመች እንበል፤ እሱስ ፈርሟል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤናን መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ሕግ አለ ማለት ነው። ግን ወረቀቱን ይዞ ደጃፍ የሚያንኳኳው ሰው ነው እንጂ ሕጉ አይደለም።

«ጎረቤት የማያውቀው ምን አለና! ደግሞስ ሁሉ ነገር ከተሸሸገ እርዳታውን አጭበርባሪ አይወስደውም ወይ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሲጀመር 604 ሺህ ያህል ሰዎችን ለመርዳት አቅዶ ነበር። ከመቶ 84ቱ እየሠሩ፣ መሥራት የማይችሉት 16ቱ ደግሞ ቀጥታ እንዲደገፉ ነው። ተረጂውን የሚለየው ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ ሲሆን፣ ዝርዝሩም ቅሬታ እንዲሰማበት ለሕዝብ ይቀርባል። አድልዎ የሚገታው እንዲህ ነው።

ግን እኮ ለቅሬታ የሚያስፈልገው ስሙና ውሳኔው ነው፤ የበሽታው ዓይነት ምን ይሠራል? ጎረቤትም ቢሆን ያወቀውን ይሸፍናል፤ ቡና ጠርቶ ያጽናናል፣ ሌሊት ሲጠሩት ይነሣል። መዝገብ ግን ያውቃል እንጂ አይነሣም። ጸሐፊው ይለወጣል፣ ቢሮው ይዛወራል፣ ወረቀቱ የማንም እጅ ይገባል። ከዚያው ከኮልፌ ቀራንዮ ሳንወጣ፣ አለርት ሆስፒታል ያለበትን ዘነበወርቅን እናስብ። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው በሽታው ድኖለት እንኳ ስሙ ሳይድን ስንት ዘመን ከሰው ተገልሎ ኖረ!

ስለዚህ የሚጠየቀው የጎደለው ነገር ይሁን፦ ተተኪ አስታማሚ ነው? ተሽከርካሪ ወንበር ነው? ገንዘብ ነው? በሽታውን ማወቅ ግድ ከሆነ ለአንድ የጤና ባለሙያ ብቻ፣ ለብቻ ይነገር። መናገር የሚችል ሕመምተኛ ካለ እሱ ራሱ ይጠየቅ፤ አልጋ ላይ ስለዋለ ሰውነቱ አልቀረም። ሥራው ሲያልቅም ወረቀቱ ይወገድ።

ጓደኞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለባለሥልጣን አይደለም። ነገ ለጥቂት ብር የውሎ አበል መጠይቅ ታቅፈን በየቤቱ የምንዞረው እኛው ነን። የሕመምተኛውን ስም ከበሽታው ጋር ከመጻፋችን በፊት፣ የእናታችን ስም ቢሆን እንዲህ እንጽፈው እንደሆነ እንጠይቅ። መልሱ «አንጽፈውም» ከሆነ ቦታውን ባዶ እንተወው፤ አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ።