ሾላና ትንሿ አገልጋይዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስንወርድ በመንገዳችን የምናገኛት ሮቢት የማሽላ አገር ናት። በ2013 ዓ.ም. መከር ሳይሰበሰብ የአንበጣ መንጋ በራያ ቆላ ሲወርድ ያየ ገበሬ በራሪውን ሁሉ ጠላቱ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከትንንሾቹ ፍጥረታት የሚያጠፋ እንዳለ ሁሉ የሚያቆምም አለና፤ ለዚህ ምስክር ትሆነን ዘንድ በወንዝ ዳር የምትበቅለውን ሾላ እንመልከት።

ዘኬዎስ ጌታን ያይ ዘንድ የወጣው በሾላ ላይ ነበር። የዚህች ዛፍ አበባ ከውጭ አይታይም፤ በፍሬዋ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ በፍሬዋ ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ገብታ፣ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፤ እንቁላሏንም በዚያው ትጥላለች። ሾላዋ ለተርቧ ልጆች ቤት ትሆናለች፤ ተርቧም ሾላዋን ባለ ዘር ታደርጋታለች። ፍሬው በበሰለ ጊዜ ወፎችና ዝንጀሮዎች፣ የሌሊት ወፍም ሳይቀሩ በልተው ዘሩን በኵሳቸው ወደ ሩቅ ያደርሳሉ።

ይህች አገልጋይ በሌለችበትስ? በግብፅና በቅድስት አገር ሾላ አለች፤ ተርቧ ግን ስለሌለች ዘር አትሰጥም፤ ሰው ቅርንጫፏን ቆርጦ ካልተከለ በቀር ልጅ የላትም። ፍሬዋም እንዲበስል ሰው በስለት ይበጣው ነበር። ነቢዩ አሞጽ በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ የሾላ ፍሬ የሚበጣ ሰው መባሉ ይህን ድካም ያሳስበናል።

እንግዲህ እኛ ካህናት አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር። አንዲቱን ሾላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አስከብረን፣ በወንዙ ዳር ያሉት እኅቶቿ ለከሰል ሲቆረጡ ዝም ብንል ምን አተረፍን? የተርቧ ዕድሜ አንድና ሁለት ቀን ነው፤ ሾላ ከአገሩ እየሳሳ ሄዶ በዚያ ጊዜ ሌላ ያበበ ፍሬ ካላገኘች ዘር ሳትተካ ትሞታለች። ያን ጊዜ ያስከበርናት ዛፍ ቆማ ሳለች መካን ትሆናለች።

ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ በምናስተምርበት ሰዓት፣ የወንዝ ዳር ሾላ እንዳይቆረጥ፣ የተባይ መድኃኒትም ባበበ ተክል ላይ እንዳይረጭ ሕዝባችንን እንምከር። መድኃኒቱ ጠላትንና አገልጋይን ለይቶ አያውቅምና። ሐዋርያው ጳውሎስ ደካማ የሚመስለው ብልት ይልቁን እንደሚያስፈልግ አስተምሮናል፤ ይህንንም የሾላዋ ትንሽ ተርብ በየዕለቱ ትመሰክራለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።