ያልታጠበው ጭንብል

እማማ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ማግስት ፊታቸውን ሳይ ደነገጥሁ። ከአፍንጫቸው ተነሥቶ ጉንጫቸውን ዞሮ አገጫቸው ላይ የሚገጥም ቀይ ቀለበት ወጥቶባቸዋል፤ ጠርዙ ውሃ ቋጥሯል። የማደንዘዣው ጭንብል ቅርጽ ነበር፣ ልክ በልኩ። "ልጄ፣ ምን በድዬው ነው?" አሉኝ ወደ ላይ እያዩ።

እኔ ግን አውቄዋለሁ። ጭንብሉን ከተሕዋስያን ለማጽዳት 2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ የዘፈዘፍሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ የተሕዋስያኑን ፕሮቲን እርስ በርስ አቆላልፎ ይገድላል፤ የሰው ቆዳም ፕሮቲን ነውና አይለይም። የጭንብሉ ጎማ ደግሞ መድኃኒቱን ይመጠዋል፤ ስለዚህ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ግድ ነው። ያን ቀን ውሃ ተቋርጦ ነበር፤ በአንድ ጆግ አለቃልቄ አሳለፍሁት።

ኦሪት ዘሌዋውያን ሳያውቅ ለበደለ ሰውም መሥዋዕት ያዛል። ድሮ ይከብደኝ ነበር፤ ያላሰበ ሰው ምን ዕዳ አለበት? አሁን ግን ሳላውቅ ልበል? ውሃው እንደሚያንስ አውቅ ነበር። ዝም ብል እማማ ቁስሉን ለእግዚአብሔር ይሰጡታል፤ በእኔ እጅ ሥራ እሱ ይከሰሳል፣ እሳቸውም የሌለባቸውን ኃጢአት ሲፈልጉ ያድራሉ። ካህን ዘንድ ሄጄ ብናዘዝ እኔ ይቀለኛል፤ እሳቸው ግን እዚያው ናቸው። ከመቅደሱ የሚቀድመው አልጋቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ገለበጡት፤ ጣቶቼ በመድኃኒቱ ቡናማ ሆነው ተላልጠዋል።

"አንቺንም ነክቶሻል" አሉኝ።