ደባል ፍለጋ

ደባል የሚለው ቃል ደበለ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ይኸውም ጨመረ፣ አንድ ላይ አደረገ ማለት ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደው ደመወዝተኛ ደባል ሲፈልግ፣ በልቡ የሚመኘው የኪራዩን እኩሌታ የሚከፍልለትን ሰው ነው እንጂ ኑሮውን ከኑሮው ጋራ የሚደብልለትን ሰው አይደለም። ገንዘቡ ግን ብቻውን አይመጣም፤ ባለቤቱን አስከትሎ ይመጣል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ቀድሞ ደባል የሚገኘው በሰው ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ወይም ያገር ልጅ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው፤ አባቱንም አውቃቸዋለሁ» እያለ ያገናኝ ነበር። ይህ ልማድ ለሚታወቅ ሰው እጅግ የተመቸ ቢሆንም፣ የሚያውቀው ለሌለው መጤ በሩ ዝግ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ስለሚወጣ ማንም ሰው ከየትም መጥቶ ሊያንኳኳ ይችላል። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ነጻነት እቈጥረው ነበር።

አብሮኝ የኖረው ወዳጄ ትዳር ይዞ በወጣ ጊዜ፣ የቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሥራ ያለው፣ ረጋ ያለ ጠባይ ያለው፣ ንጹሕና የማያጨስ ደባል እፈልጋለሁ።» ማስታወቂያው እንደ ወጣ ስልኬ ዕረፍት አጣ። በመጀመሪያ ከደወሉት አምስት ሰዎች ሦስቱ ደላሎች ሆነው ተገኙ። አንዱ ቤቱን ሳያይ ዋጋ አስቀንሶ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፤ እኔም ቤቱን ጠርጌ ስጠብቀው ዋልሁ። ሌላው «ለእኔና ለወንድሜ» ብሎ ጀምሮ፣ ንግግራችን ሳያልቅ ቍጥሩን አራት አደረሰው።

አንድ ሰው ደግሞ ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ያባቴን ስም ጠየቀኝ፤ ይህንንም ነገርሁት። ቀጥሎ ትውልዴ ወዴት እንደ ሆነ ጠየቀኝና መልሴን እንደ ሰማ ስልኩን ዘጋ። በዚያች ሌሊት በቍጣ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውን ሳያዩ፣ ጠባዩን ሳይመረምሩ፣ በአባት ስም መዝኖ መጣል ምን ያህል ግፍ እንደ ሆነ ለራሴ ብዙ ተናገርሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትሑት ድምፅ ደወለልኝ። በአንድ ድርጅት የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ እንደ ሆነ፣ ማታ ወጥቶ ጧት እንደሚመለስ፣ ቀን እንደሚተኛ፣ ሲጋራም እንደማያጨስ ነገረኝ። በጻፍሁት መለኪያ ቢመዘን ከእርሱ የተሻለ ሊገኝ አይችልም። እኔ ግን «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» አልሁት። አልተያዘም ነበር። ወዳጆቼ ቤቴ መጥተው «ይህ ማን ነው?» ቢሉኝ፣ ዘበኛ ነው ብዬ መመለሱ አሳፍሮኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሰው አብሮት የሚያድረውን የመምረጥ መብት አለውን? አለው ይመስለኛል። ቤት መሥሪያ ቤት አይደለምና። በቢሮዬ ባለጉዳይን በሥራው ወይም በትውልዱ ምክንያት ብመልስ እጠየቅበታለሁ፤ በቤቴ ግን የሚጠይቀኝ የለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ለአከራይና ለተከራይ ደንግጓል፤ ደባል ስለሚመረጥበት ኅሊና ግን አዋጅ ምን ሊል ይችላል? የሚያጨሰውን እምቢ ብለው ጢሱ በእውነት ይደርስብኛል። ዘበኛውን እምቢ ስለው ግን የሚደርስብኝ ነገር በእርሱ ዘንድ አልነበረም፤ በወዳጆቼ ዐይን ዘንድ ነበር፤ ያውም እኔ በገመትሁት ዐይን። ያባቴን ስም የጠየቀኝ ሰው ቢያንስ ለምን እንደ ጣለኝ አሳውቆኛል። እኔ ግን የጣልሁትን ሰው ምክንያቱን እንኳ ነፈግሁት። ከሁለታችን ማን እንደሚከፋ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ፍርዱ ወደ እኔ ያዘነብላል።

ክፍሉ ሳምንት ባዶውን ስለ ሰነበተ ማስታወቂያውን እንደ ገና አወጣሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከዚያው ሰው መልእክት መጣ፦ «ይቅርታ ወንድሜ፤ ቤቱን ይዞት የነበረው ሰው ተወው እንዴ?»

ሐሰተኛ ብሎ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እርሱ ግን ማምለጫውን ራሱ አበጅቶ ሰጠኝ፤ አዎን ብል ሁለተኛ ሐሰት ይሆናል፤ አይደለም ብል የመጀመሪያው ይገለጣል። ስልኩን በእጄ እንደ ያዝሁ ብዙ ቈየሁ። በመጨረሻው «ቅዳሜ መጥተው ይዩት» ብዬ ጻፍሁለት።

ይኸው አምስት ወር ሆነን። ይህን የምጽፈው እርሱ ወደ ሌሊት ሥራው ከሄደ በኋላ ነው። ወዳጆቼም መጥተው ዐይተውታል፤ ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። የዚያን ቀን ጥያቄውን ግን እስከ ዛሬ አልመለስሁለትም።