የገደል ማሚቶ የማን ናት?

ሰው ወደ ገደል ዞሮ ቢጣራ ድምፁ ተመልሶ ይመጣበታል። አባቶቻችን ይህችን መላሽ «የገደል ማሚቶ» ብለው እንደ ሰው ስም አወጡላት። ያለ ነገር አይመስለኝም። የተመለሰው ድምፅ የጠሪው ነው፤ ጠሪው ግን አሁን አፉን ዘግቷል። ታዲያ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የፍልስፍና ትምህርት ሳይሆን ጊታር ነው። በኤሌክትሪክ ጊታርና በአምፕሊፋየር መካከል የሚገባው የኢኮ ሳጥን (ዲሌይም ይሉታል) ሦስት ዋና ቁልፎች አሉት። አንዱ ድምፁ ቆይቶ የሚመለስበትን ጊዜ፣ ሁለተኛው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም፣ ሦስተኛው የተመለሰው ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይወስናሉ። ለሦስተኛው ጆሮ ይበቃል።

የመጀመሪያው ግን ሒሳብ አለበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 17 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል በ100 ሚሊሰከንድ ይመለሳል። በ1954 እ.ኤ.አ. ኤልቪስ ፕሬስሊ ሜምፊስ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ሲቀረጽ በቴፕ የተሠራው ኢኮ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አንዴ ጠብ ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ማንንም አያታልል።

ነገር የሚመጣው ሲረዝም ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ቢሄድ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሳጥኑን በዚህ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም በ375 ላይ አድርገን በእያንዳንዱ ምት ሁለት ሁለቴ ብንመታ፣ ተመላሹ ድምፅ በመታናቸው መካከል እየገባ እጃችንን እጥፍ ፈጣን ያስመስለዋል። የዩ-ቱ ባንድ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ዘ ጆሹዋ ትሪ» መክፈቻ ላይ የሚሰማው የኤጅ ጊታር በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው።

ታዲያ ይኸ ውሸት ነውን? አንድ ጓደኛዬ «ውሸት ነው እንጂ! ያልመታኸውን ለምን ታሰማለህ?» ይለኛል። እኔ እንዲህ እመልስለት ነበር፦ ውሸት ማለት ሌላው ሰው እምነቱን የጣለበትን ነገር ማጣመም ነው፤ ዘፈን ሊሰማ የመጣ ሰው ደግሞ እምነቱን የጣለው በዘፈኑ እንጂ በጣቶቼ አይደለም። ምን ተወሰደበት?

እስከዚህ ድረስ ልቤ ረግቶ ነበር። አንድ ቀን ስንለማመድ የሰማኝ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጠጋ ብሎ «እንዴት ነው እንዲህ የምትፈጥነው?» አለኝ። «ልምምድ ነዋ!» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የግራ እጁን ጣቶች አሳየኝ። ቆዳቸው ተልጧል። ሳጥኑ የሚጨምራቸውን ድምፆች ሁሉ በእጁ ሊያወጣ ሲታገል ነው የከረመው። ልምምድ ማለቴ ሐሰት አልነበረም፤ እሱ ግን እምነቱን የጣለው በጣቶቼ ነበር። በራሴው ሚዛን ዋሽቻለሁ።

ሁለተኛው ቁልፍ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። የሚመለሰው በግማሽ እየቀነሰ ከሄደ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ግን አይሞትም፤ ከዚያ ካለፈማ ጅማቱን ማንም ሳይነካው እያደገ ያገሳል። «እኔ አልመታሁም» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ቁልፉን ያዞረው ግን ማነው?

ልጁን ጠርቼ ሳጥኑን አሳየሁት። ሦስተኛውን ቁልፍ ወደ ዜሮ መልሼ ያንኑ ዜማ ተጫወትኩለት። አዝጋሚ ነበር። ሳቀ፤ ጣቶቹን አየ፤ ከዚያ «እኔ እኮ ለሁለት ልጆች ነግሬያለሁ» አለኝ። አንደኛውን አግኝተነዋል። ሁለተኛው ለዕረፍት አገሩ ገብቷል፣ ጊታሩን ይዞ።